ፒክአፕ ዝቅ ማስደረግ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሜሪካ ያሉ የፒክአፕ ባለቤቶች በብዛት፣ አገር ቤት ያሉት ደግሞ አልፎ አልፎ የሚጠይቋቸው ናቸው፤ ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሰው ፒክአፑን ዝቅ የሚያስደርገው ለምንድን ነው?

ዋናው ምክንያት ስለሚያምር ነው፣ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ፒክአፕ ከፋብሪካ ሲወጣ ኋላው ከፍ ብሎ ፊቱ ያጎነበሰ ነው። እንዲህ የሚሰራው ጭነት ሲጫንበት ቀጥ እንዲል ነው። ዓመቱን ሙሉ ባዶውን ለሚነዳ ሰው ግን ያ ጭነት መቼም አይመጣም፣ መኪናው እንዳጎነበሰ ይኖራል፣ በጎማውና በፓራፋንጎው መሀል ያለው ክፍተትም ዓይን ይወጋል።

ከመልኩ ሌላ ጥቅምም አለው። ክብደቱ ወደ መሬት ሲቀርብ መታጠፊያ ላይ ማዘንበሉ ይቀንሳል። የጭነት ሳጥኑ 10 ሴንቲሜትር ሲወርድ ደግሞ ፍሪጅ ወይ ሲሚንቶ ለሚያነሳ ወገብ ትልቅ እረፍት ነው። ልማዱ በደንብ የደራው አሜሪካ፣ በተለይ ካሊፎርኒያ ነው፤ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ወጣቶች ረከስ የሚሉትን ትንንሽ የጃፓን ፒክአፖች፣ ዳትሰንና ቶዮታና ማዝዳ፣ እየገዙ መሬት እስኪነኩ ያወርዷቸው ነበር። ታይላንድም ዝቅ ያለ ሃይሉክስና ዲማክስ ማየት ብርቅ አይደለም።

"2/4"፣ "4/6" የሚሉት ቁጥር ምንድን ነው?

የመጀመሪያው ፊቱ፣ ሁለተኛው ኋላው የሚወርድበት ልክ ነው፣ በኢንች። አንድ ኢንች 2.54 ሴንቲሜትር ስለሆነ 2/4 ሲባል ፊቱ 5፣ ኋላው 10 ሴንቲሜትር ገደማ ይወርዳል ማለት ነው። ኋላው የሚበልጠው ያ ማጎንበስ እንዲስተካከል ነው።

ምንም ከመፍታታችሁ በፊት ለኩ። ሜትሩን ከቸርኬው መሀል ጀምራችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ። ከመሬት አትለኩ፤ የጎማው ነፋስ ትንሽ ከጎደለ ቁጥሩ ያሳስታችኋል። አራቱንም ጎማ ለኩና በስልክ ፎቶ አንሱት። ያረጀ መኪና በአንድ በኩል፣ ብዙ ጊዜ በሾፌሩ በኩል፣ ትንሽ ወርዶ ይገኛል። ይህን ቀድማችሁ ካላወቃችሁ ስራው ካለቀ በኋላ "አጣሞ ሰራብኝ" ብላችሁ ከመካኒኩ ጋር ያለ ጥፋቱ ትጣላላችሁ።

የኔ ፒክአፕ ይሆናል? ፎር ዊል ከሆነስ?

ከሁሉም የሚመቸው በኋላ ጎማ ብቻ የሚነዳ (ቱ ዊል)፣ ባለ ሻንሲ፣ ማለትም ከስር ለብቻው የብረት አጽም ያለው ፒክአፕ ነው። ከ1973 እስከ 1987 የተሰራው ሼቭሮሌ ሲ10 ለምሳሌ ፊቱ ሞላ (የተጠቀለለ ስፕሪንግ)፣ ኋላው ባሌስትራ (የተደራረበ ዝርግ የብረት ስፕሪንግ) ነው፣ የማውረጃ እቃውም እስካሁን እንደልብ ይገኛል። አዲሶቹ ላይ ግን ከማዘዛችሁ በፊት ስሩን እዩ። ራም 1500 ከ2009 ሞዴል ጀምሮ ኋላው በሞላ ነው። የ2022ቱ ቱንድራም ባሌስትራውን ትቶ ወደ ሞላ ገብቷል። ለባሌስትራ የተሰራ ኪት ገዝቶ ሞላ ላይ ማፍጠጥ የሚመጣው "ፒክአፕ ሁሉ አንድ ነው" ከማለት ነው።

ፎር ዊል ላይም ይቻላል፣ ግን ፊቱ ላይ ከዲፈረንሻሉ ወደ ጎማው የሚሄዱት አክስሎች አንግላቸው ይቀየራል። ትንሽ ከወረደ አብዛኞቹ ይችሉታል፣ ከዚያ በላይ ሲሆን መጋጠሚያውን የሚሸፍነው ጎማ ቶሎ ይቀደዳል፣ አቧራ ይገባል፣ ከዚያ ሲዞር መንኳኳት ይጀምራል። እኔን ብትጠይቁኝ ፎር ዊሉን ለገጠር መንገድ ላሰበው ሰው ሽጡትና ቱ ዊል ግዙ።

ምን ያህል ላውርደው?

እኔ ቀድሜ የማየው ከወረደ በኋላ የሚተርፈውን መንቀሳቀሻ ነው። ጎማው እብጠት ላይ ሲወጣ አክስሉ ወደ ሻንሲው ይጠጋል፣ መጨረሻ ላይ የሚያቆመው ባምፕ ስቶፕ የሚባለው ጠንካራ ጎማ ነው። በአክስሉና በባምፕ ስቶፑ መሀል 12 ሴንቲሜትር ቢኖርና እናንተ 10 ብታወርዱ የቀራችሁ 2 ነው። ከዚያ ወዲያ የምትሄዱት በባሌስትራ ሳይሆን በዚያች ጎማ ላይ ነው። "ዝቅ ያለ ፒክአፕ ይደበድባል" የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ የመጣ ነው፣ ዝቅታው ራሱ አይደለም የሚደበድበው።

አሁን ምን ያህሉን እንደምትጠቀሙ ማወቅ ከፈለጋችሁ ቀላል ዘዴ አለ። የሾክ አብዞርበሩ ዘንግ ከውጭ የሚታይ ከሆነ ሽቦ የምናስርበትን ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ ዘንጉ ላይ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩና ወደ ወፍራሙ አካል አስጠጉት። ከዚያ የለመዳችሁትን መንገድ ለጥቂት ቀን ንዱ። ማሰሪያውን እብጠቱ ሁሉ እየገፋ ይወስደዋል፣ የቆመበት ቦታ ሾኩ በጣም የታጠፈበትን ልክ ያሳያችኋል። ባዶውን ስትነዱ ብቻ 7 ሴንቲሜትር የሚበላ መኪና 4 ብቻ ቀርቶት ምቹ አይሆንም።

በየቀኑ ስራ ለሚሄድ፣ አልፎ አልፎ እቃ ለሚጭን ሰው 2/4 ይበቃል ባይ ነኝ። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ሻንሲ ስለመነካቱ ከአሁኑ ያስብ።

ሞላውን ባስቆርጠው ወይ በእሳት ባስሞቀውስ? በነጻ ማለት ነው እኮ።

በእሳት ማሞቅ በፍጹም። የሞላ ብረት ጥንካሬውን ያገኘው ፋብሪካ ውስጥ በልኩ ሞቆ፣ በልኩ ቀዝቅዞ ነው። እሳት የነካው ዙር ያንን ያጣል። ከዚያ ወይ እየተኛ ይሄዳል፣ ወይ አንድ ቀን ሀይዌይ ላይ ይሰበራል፣ የሚሰበርበትን ቀን ደግሞ እናንተ አትመርጡም።

መቁረጥ ትንሽ ይሻላል፣ ግን እሱም ነጻ አይደለም። ሞላ ባጠረ ቁጥር ይጠነክራል፤ 8 የሚሰራ ዙር ካለው ላይ አንዱን ብትቆርጡ 14 በመቶ ገደማ ይጠነክራል። ጫፉ ተጠፍጥፎ የተሰራ ሞላ ከተቆረጠ ደግሞ መቀመጫው ላይ ጠማማ ይሆናል፣ መኪናው በክሪክ ሲነሳም ላላ ብሎ ከቦታው ሊወጣ ይችላል። በዚህ ላይ ግራና ቀኙን እኩል መቁረጥ የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። ለመኪናችሁ ተብሎ የተሰራ አጭር ሞላ ከጠቅላላው ወጪ ትንሹ ነው፣ እሱ ላይ አትቆጥቡ።

ታዲያ ፊቱን በትክክል የማውረጃው መንገድ የትኛው ነው?

በመኪናው አሰራር ይወሰናል። አጭር ሞላ በጣም የተለመደው ነው፣ እስከ 2 ኢንች ድረስ ጥሩ ይሰራል። እኔ በጣም የምወደው ግን የድሮ የአሜሪካ ፒክአፖች ላይ የሚገባውን ማውረጃ ስፒንድል ነው። ስፒንድል ጎማው የሚታሰርበት ብረት ነው። ማውረጃው የጎማውን ዘንግ ወደ ላይ አስጠግቶ የተሰራ ስለሆነ ሞላውም፣ ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዙት ክንዶችም እንደነበሩ ይቀራሉ፣ የሚወርደው መኪናው ብቻ ነው። መንቀሳቀሻችሁ አይነካም፣ አነዳዱም የፋብሪካውን ይመስላል። ዋጋው ከሞላ ይበልጣል፣ ቸርኬያችሁ ትንሽ ከሆነም ውስጡ እንዳይነካ ቀድሞ መለካት ያስፈልጋል።

በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የተሰሩ ብዙ ቱ ዊል ሃይሉክሶች ደግሞ ፊታቸው ላይ ሞላ የላቸውም፣ ቶርሽን ባር የሚባል ረጅም የሚጠመዘዝ ብረት ነው ያላቸው። እዚያ ላይ ማስተካከያውን ብሎን ማላላት ብቻ ያወርደዋል፣ ምንም አይገዛም። ከማላላታችሁ በፊት በቀለም ምልክት አድርጉ፣ ከዳዶው ውጭ የሚታየውን የብሎን ርዝመት በሁለቱም በኩል ለኩና ጻፉ። ነገሩ ቀላል ስለሆነ ብዙ ሰው እስከ መጨረሻው ያላላውና ክንዱ ባምፕ ስቶፑ ላይ ተኝቶ ይቀራል። 3 ወይ 4 ሴንቲሜትር ላይ ቁሙ።

ኋላው ላይ ብሎክ ባስገባ ይወርዳል ወይስ ይነሳል?

ሁለቱም ሊሆን ይችላል፣ በዚህ ጉዳይ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ከስር ግቡና እዩ። አክስሉ ከባሌስትራው በላይ ከተቀመጠ በመሀላቸው የሚገባው ብሎክ መኪናውን ያወርዳል። አክስሉ ከባሌስትራው በታች ከሆነ ግን ያው ብሎክ መኪናውን ከፍ ያደርገዋል፤ ትላልቆቹ የአሜሪካ ፒክአፖች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ለእነሱ የሚሆነው አክስሉን ከባሌስትራው ስር አውጥቶ ከላይ ማስቀመጥ ነው፣ ፍሊፕ ኪት የሚባለው ይህ ነው። በአንድ ጊዜ ብዙ ያወርዳል፣ ከ4 እስከ 6 ኢንች ድረስ፣ ስለዚህ ጥቂት ማውረድ ለሚፈልግ አይሆንም።

ብሎኩ ለዚህ ስራ የተሰራ ብረት ይሁን። እንጨት የሚያስገባ አለ፤ ተዉት። አገር ቤት ቶርኖ ቤት የምታሰሩ ከሆነ በአንዱ በኩል ጉድጓድ፣ በሌላው በኩል እምብርት እንዲወጣለት አድርጉ፣ የባሌስትራው የመሀል ብሎን ራስ ጉድጓዱ ውስጥ ካልገባ አክስሉ ፍሬን ሲያዝ ይንሸራተታል። ብሎክ በብሎክ ላይ መደራረብ አይቻልም። አክስሉን ከባሌስትራው ጋር የሚያስሩት ዩ ቦልቶችም አዲስና በልካቸው ይሁኑ፣ አሮጌው አንዴ ተስቦ ስለታሰረ ሁለተኛ አይታመንም። ከተወሰነ መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ ተመልሳችሁ አጥብቁት።

አንድ ባሌስትራ ባስወጣስ? ለስለስም ይልልኛል።

ይወርዳል፣ ይለሰልሳልም። ባዶውን ሲነዳ እንደ ጋሪ የሚያነጥር ሃይሉክስ ያለው ሰው ይህን ቢመኝ አልፈርድበትም። ነገር ግን ከ4 ባሌስትራ አንዱ ሲወጣ የእሱን ስራ ሦስቱ ይካፈላሉ። ጭነት ሲበዛ ቶሎ ይተኛሉ፣ ቶሎም ይሰበራሉ፣ ነዳጅ ስትረግጡ ደግሞ አክስሉ ባሌስትራውን እየጠመዘዘ ይዘላል።

ባዶውን ብቻ ለሚነዳ ያስኬዳል። የሚያወጣው ዋናውን፣ ማለትም ጆሮ ያለውንም ሆነ ቀጥሎ ያለውን አይንካ፣ የመሀል ብሎኑንም በአጭር ይቀይር። መኪናውን ለሌላ ሰው የምትሸጡ ከሆነ ግን ንገሩት፤ ገዢው 1 ቶን ይጭናል ብሎ አምኖ ነው የሚወስደው።

ሾክ አብዞርበሩን መቀየር ግድ ነው?

ከ2 ኢንች በላይ ከወረደ አዎ። የፋብሪካው ሾክ ለበፊቱ ከፍታ የተለካ ነው፣ ሲወርድ ዘንጉ ገና ምንም ሳይመታ ግማሽ መንገድ ገብቶ ይጠብቃል፣ ጉድጓድ ላይ ደግሞ ውስጡ ጫፍ ነክቶ ይሰበራል ወይ ዘይት ማፍሰስ ይጀምራል። ለማውረጃ የተሰራ አጭር ሾክ ግዙ። ባምፕ ስቶፑንም እንዲሁ በአጭር ቀይሩ እንጂ ነቅላችሁ አትጣሉት፤ እሱ ከሌለ ብረት ከብረት ነው የሚጋጨው።

ሲ ኖች ምንድን ነው? ሻንሲ መቁረጥ አደገኛ አይደለም?

ኋላው ከ4 ወይ ከ5 ኢንች በላይ ሲወርድ አክስሉ ጉድጓድ ላይ ሻንሲውን መምታት ይጀምራል። ሲ ኖች ማለት ከአክስሉ ትይዩ ያለውን የሻንሲውን የታችኛውን ክፍል በግማሽ ክብ ቆርጦ፣ በቦታው ወፍራም የብረት ማጠናከሪያ ማስገባት ነው። አክስሉ ወደ ላይ የሚሄድበት ቦታ ያገኛል፣ መኪናውም ዝቅ ብሎ መንቀሳቀሻው አይጠፋም። ከልክ በላይ ዝቅ ብለው የሚመቹት ፒክአፖች ሁሉ ይህ የተሰራላቸው ናቸው።

አደጋው ያለው አሰራሩ ላይ ነው። ማጠናከሪያው ከተቆረጠው ብረት ወፍራም መሆን፣ ከተቆረጠው ቦታ ወዲህና ወዲያ ረዘም ብሎ መያዝ አለበት። በብሎን የሚታሰሩ ዝግጁ ኖቾች አሉ፣ እነሱ ለብዙ ሰው ይበቃሉ። በብየዳ ከሆነ በያጁ ሻንሲ ላይ የሰራ ሰው ይሁን፤ በርና መስኮት የሚበይድ ጎበዝ ባለሙያ ሻንሲ ላይም ጎበዝ ነው ማለት አይደለም። ከመበየዱ በፊት ባትሪው ይፈታ፣ ከሻንሲው ጎን የሚያልፈው የነዳጅና የፍሬን ቱቦም ይነሳ። ሻንሲው ዝገት የበላው ከሆነ፣ ሰሜን አሜሪካ በረዶ ላይ ጨው በሚረጭበት አካባቢ የኖረ መኪና ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው፣ እዚያ ላይ መቁረጥ አይታሰብም።

ካስወረድኩት በኋላ ጎማውን ከውስጥ በኩል ይበላል። ለምን?

አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎቹን አቅጣጫና ማዘንበል ማስተካከል፣ አልተሰራለትም። ፊቱ ሲወርድ የጎማው አናት ወደ ውስጥ ያዘነብላል፣ የጎማዎቹ አፍንጫ አቅጣጫም ይቀየራል። ማዘንበሉ ብቻውን ቀስ ብሎ ነው የሚበላው፣ አዲስ ጎማ በጥቂት ወር የሚጨርሰው የአፍንጫው አቅጣጫ ነው። ስራው በተጠናቀቀ ሳምንት አላይመንት አሰሩ፣ የውጤቱን ወረቀትም ተቀበሉ። ማስተካከያው ጫፍ ደርሶ ካምበሩ (ማዘንበሉ) አልመለስ ካለ ለዚያ መኪና የተሰራ ካምበር ኪት ወይ የተለየ የላይኛ ክንድ ያስፈልጋል።

ሌላው የማይነገር ነገር፦ የክንዶቹና የባሌስትራው ጎሚኒ (መጋጠሚያው ውስጥ የሚገባ ጎማ) ያላቸው ብሎኖች መጠበቅ ያለባቸው መኪናው በጎማው መሬት ላይ ቆሞ ነው። ክሪክ ላይ ተንጠልጥሎ ከጠበቁ ጎሚኒው ለዘላለም ተጠምዝዞ ይቀራል፣ መኪናው በልኩ አይወርድም፣ ይንጫጫል፣ ጎሚኒውም ይቀደዳል።

ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ስነዳ ወለሉ ይንቀጠቀጣል። ጎማ ባላንስ አስደርጌያለሁ።

ካርዳኑን፣ ከካምቢዮው ወደ ኋላው ዲፈረንሻል የሚሄደውን ረጅም የሚዞር ዘንግ፣ እዩ። አክስሉ ሲነሳ ወይም በብሎክና በፍሊፕ ሲቀየር የዲፈረንሻሉ አፍንጫ የሚያይበት አቅጣጫ ይለወጣል። አንድ ወጥ ካርዳን ላይ ከካምቢዮው የሚወጣው ዘንግና የዲፈረንሻሉ ዘንግ ትይዩ እንዲሆኑ ነው የሚፈለገው፤ ካልሆኑ የካርዳኑ መጋጠሚያዎች፣ ክሮስ ጆይንቶቹ፣ እየፈጠኑና እየዘገዩ ይዞራሉ፣ እናንተም ከመቀመጫችሁ ስር ትሰሙታላችሁ። አንግሉ በስልክ አፕም ይለካል። የሚስተካከለው በባሌስትራውና በአክስሉ መቀመጫ መሀል በሚገባ ሽብልቅ ብረት ነው፣ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ያለው ብዙ ጊዜ ይበቃል። ባለ ሁለት ቁራጭ ካርዳን ከሆነ የመሀሉ ኩሽኔታ ከፍታም አብሮ ይታያል። በንዝረት ለወራት መንዳት ክሮስ ጆይንቱን ብቻ ሳይሆን የካምቢዮውን የኋላ ሲልም ይጨርሳል።

ከወረደ በኋላ እቃ መጫን እችላለሁ?

ስፒንድል ወይ ብሎክ ብቻ ከሆነ የሞላውና የባሌስትራው አቅም አልተቀነሰም፣ ያነሰው ብሎክ የገባበት የኋላው መንቀሳቀሻ ነው። ድሮ 500 ኪሎ ጭናችሁ 8 ሴንቲሜትር የሚተኛ ከሆነ አሁንም 8 ይተኛል፣ ልዩነቱ አሁን 8 የለውም። በሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ የተለጠፈው የክብደት ልክ በማውረድ አይጨምርም።

ጥሩው መፍትሄ በአክስሉና በሻንሲው መሀል የሚገባ ረዳት ኤር ባግ ነው። ባዶ ሲሆን ትንሽ ነፋስ፣ ሲጫን በደንብ መንፋት ነው፤ ቁመቱ ይመለሳል። ሙቪንግ የሚሰሩ፣ ለምግብ ቤት እቃ የሚያመላልሱ ልጆች ፒክአፕ ማውረድ ሲፈልጉ መጀመሪያ ይህን በጀት ውስጥ ያስገቡ እላለሁ።

በቁልፍ የሚወርድና የሚነሳውስ፣ ኤር ሳስፔንሽን?

ሞላው ወይ ባሌስትራው ወጥቶ በነፋስ ፊኛ ይተካል፣ ኮምፕረሰር፣ የነፋስ ታንክና ቫልቮች ይገባሉ። ቆሞ መሬት ይተኛል፣ ሲነዳ ይነሳል። ሁለቱንም ለሚፈልግ ከዚህ የተሻለ የለም። ወጪው ግን በሺህ ዶላሮች ነው፣ እንክብካቤም ይፈልጋል። ብርድ ሲገባ ቱቦ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ይረጋና ቫልቭ ይዘጋል፣ ስለዚህ ታንኩን በየጊዜው ማፍሰስ ነው። ፊኛው ጎማም፣ ሻንሲም፣ ጭስ ማውጫም መንካት የለበትም። ርካሽ ኪት ገዝቶ በሳምንቱ ማለዳ ሲነሳ መኪናውን መሬት ላይ ተኝቶ የሚያገኘው ሰው ብዙ ነው።

ራሴ ግቢዬ ውስጥ ልስራው?

ብሎክና ሾክ፣ ቶርሽን ባር ማላላት፣ ቁልፍ መያዝ ለሚያውቅና የሚያግዘው ሰው ላለው ይቻላል። ክሪክ ብቻ አይበቃም፤ ከሻንሲው ስር ጃክ ስታንድ አስገቡ፣ ቀሪዎቹን ጎማዎች ደግፉ፣ መሬቱ ሲሚንቶ ይሁን። የፍሬን ጎማ ቱቦና የኤቢኤስ ሽቦ ሲንጠለጠል እንዳይወጠር እዩ።

የፊት ሞላን ግን ለባለሙያ ስጡ። የተጨመቀ ሞላ ካመለጠ ሰው ይገድላል። ይህን ለማስፈራራት አይደለም የምጽፈው፤ ሞላ መጭመቂያ መሳሪያ ከሰፈር ተውሶ፣ ጥርሱ የተበላ መሆኑን ሳያይ የሚጀምር ሰው ስላለ ነው።

ህጉስ? ኢንስፔክሽን፣ ዋራንቲ፣ ኢንሹራንስ?

አሜሪካ ውስጥ ከስቴት ስቴት ይለያያል። ካሊፎርኒያ ለብዙ አስርት ዓመታት የመኪናው የትኛውም ክፍል ከቸርኬው ዝቅተኛ ጫፍ በታች እንዳይወርድ ይከለክል ነበር፣ ኤቢ 436 የተባለው ህግ ከጃንዋሪ 1፣ 2024 ጀምሮ ይህን አንስቶታል። ቨርጂኒያ በየዓመቱ ኢንስፔክሽን አለ፣ ሜሪላንድ መኪናው ሲሸጥ ነው፣ ቴክሳስ ለግል መኪና የደህንነቱን ምርመራ ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ አስቀርቷል። ህጉ ቢነሳም የቸርኬው መስመር ጥሩ መለኪያ ነው፤ ጎማ ድንገት ቢፈነዳ መኪናው ቸርኬው ላይ ይቆማል እንጂ በሻንሲው አስፋልት አይፍቅም።

ዋራንቲን በተመለከተ ማግነሰን ሞስ የሚባል የ1975 የፌደራል ህግ አለ። የራሳችሁን እቃ ስላስገባችሁ ብቻ ዋራንቲያችሁ በሙሉ አይሰረዝም፤ የገባው እቃ ነው ብልሽቱን ያመጣው መባል አለበት። ያወረዳችሁት መኪና ራዲዮ ቢበላሽ ይሸፈናል፣ ኳስ መጋጠሚያው ቢያልቅ ግን ክርክር ይጠብቃችኋል። ኢንሹራንሳችሁን በጽሁፍ አሳውቁ፣ ደረሰኞቹንም አስቀምጡ።

አዲስ አበባ ላይስ ያዋጣል?

ብዙ ባይወርድ እመርጣለሁ። አገር ቤት አብዛኛው የፒክአፕ ባለቤት የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፣ ባሌስትራ ያስጨምራል፣ ምክንያትም አለው። የሰፈር ስፒድ ብሬከሮች ቁመታቸው እንደ ሰሪያቸው ነው። ክረምት ላይ ውሃ የሞላው ጉድጓድ ጥልቀቱ አይታይም። ከኮብልስቶን ወደ አስፋልት መውጫው ላይ ያለው እርከን የዘይት ቋት ይመታል። ለቦሎ ምርመራ በየዓመቱ ስትቀርቡም የተቀየረ ሻንሲ ጥያቄ ያስነሳል።

ማጎንበሱ ብቻ ከሆነ ያስጠላችሁ ፊቱን አትንኩ፣ ኋላውን 4 ወይ 5 ሴንቲሜትር አውርዱ። መኪናው ቀጥ ይላል፣ ከስር ያለው ክፍተትም ብዙ አይጎዳም።

መብራቱ ሰው ያሳውራል፣ ካሜራውም ማስጠንቀቂያ ያሳያል። ከማውረዱ ጋር ይገናኛል?

ይገናኛል። ኋላው ከፊቱ በላይ ስለወረደ አፍንጫው ወደ ላይ ቀና ብሏል፣ መብራቱም አብሮ። ከግድግዳ ፊት አቁማችሁ ከማውረዱ በፊት የነበረውን መስመር በቴፕ ምልክት አድርጉ፣ በኋላ መብራቱ ራሱ የወረደበትን ያህል ከዚያ መስመር ዝቅ አድርጋችሁ በማስተካከያው ብሎን አስተካክሉት። ሌይን የሚጠብቅ ካሜራና ከፊት ያለውን መኪና የሚለካ ራዳር ያላቸው አዳዲስ ፒክአፖች ደግሞ በተወሰነ ከፍታና አንግል ተለክተው ነው የወጡት። ካሊብሬሽን፣ ማለትም እንደገና ተለክቶ መስተካከል፣ ያስፈልጋቸዋል፣ እሱ ደግሞ ወጪ አለው፣ ከማውረዳችሁ በፊት ዋጋውን ጠይቁ።

ባዶውን፣ ዝናብ ላይ ፍሬን ስይዝ ኋላው ይንሸራተታል። በፊት እንዲህ አልነበረም።

ይህን ጥያቄ ከሁሉም በላይ በቁም ነገር እወስደዋለሁ። ኤቢኤስ የሌላቸው ብዙ ሃይሉክሶችና ሌሎች የቶዮታ ፒክአፖች ኋላቸው ላይ ጭነት የሚያነብ የፍሬን ቫልቭ አለ። ከስር ስትገቡ ከአክስሉ ተነስቶ ሻንሲው ላይ ወዳለ ትንሽ የብረት ሳጥን የሚሄድ ቀጭን ዘንግ ታያላችሁ፣ ከሳጥኑ የፍሬን ቱቦዎች ይወጣሉ። አሰራሩ እንዲህ ነው፦ ጭነት ሲጫን አክስሉና ሻንሲው ይቀራረባሉ፣ ዘንጉ ይገፋል፣ ቫልቩ "ከባድ ነን" ብሎ ለኋላ ጎማ ብዙ ፍሬን ይለቃል። ባዶ ሲሆን ይራራቃሉ፣ ለኋላ ጥቂት ይሰጣል።

እናንተ ስታወርዱት አክስሉና ሻንሲው ለዘለቄታው ተቀራረቡ። ቫልቩ መኪናው ሁልጊዜ የተጫነ ይመስለዋል። ባዶና ቀላል ለሆነ የኋላ ጎማ ሙሉ ፍሬን ይልካል፣ እርጥብ መንገድ ላይ ጎማው ይዘጋል፣ ማለትም መዞሩን ያቆማል፣ መኪናው ይዞራል። ብዙ ጋራዥ መኪናውን ሲያወርድ ይህችን ዘንግ አያያትም።

መፍትሄው ከባድ አይደለም። ከማውረዳችሁ በፊት መኪናው ባዶ ሆኖ መሬት ላይ ቆሞ የዘንጉን አንግል ፎቶ አንሱ፣ የቫልቩ ክንድ ያለበትን ቦታም ምልክት አድርጉ። ካወረዳችሁ በኋላ አክስሉ ላይ ያለውን የዘንጉን ማሰሪያ ብረት በወረደው ልክ ዝቅ አድርጋችሁ፣ ወይ ማስተካከያ ካለው እሱን አንቀሳቅሳችሁ፣ ክንዱን ወደ ምልክቱ መልሱት። ከዚያ ሰው በሌለበት እርጥብ ሜዳ ላይ በዝግታ ሞክሩ፤ ቀድሞ መዝጋት ያለበት የፊት ጎማ ነው። ቫልቩ ዝጎ የማይንቀሳቀስ ከሆነ መኪናው ሳይቀየርለት መንገድ አይውጣ።